ቅቤ ያልለቀቀው ሽቶ

ዘይት ለክቼ ስሸጥ ጣሳው እስኪንጠፈጠፍ እጠብቃለሁ። ጣሳውን በገዢው ሃይላንድ አፍ ላይ ደፍቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዘይቱ መጀመሪያ እንደ ገመድ ይወርዳል፤ ቆይቶ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከዚያ ክሩ ይበጠስና ጠብታ ብቻ ይሆናል። የመጨረሻው ጠብታ ከጣሳው ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ልውረድ አልውረድ ሲል፣ ከኋላ የቆመው ገበያተኛ ይነጫነጫል። «አለቀ እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ» ይለኛል። አላለቀም። ከጣሳው ግድግዳ ላይ ገና እየተንሸራተተ የሚመጣ አለ።

ላምባ እንዲህ አያስጠብቅም። ጣሳውን ገና ሲያዘነብሉት ጥሎት ይሄዳል፤ የቀረችውንም እርጥበት የቆቦ ሙቀት ወዲያው ይወስዳታል። ማር ደግሞ ለእኔም ይበዛል። ማር ስሸጥ ጣሳውን በገዢው ዕቃ ላይ ደፍቼ ትቼው ሌላ ሰው አስተናግዳለሁ።

ሱቁ የአጎቴ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አጎቴ የሚፈስ ነገር ይወዳሉ። «እህልን ነቀዝ ይበላዋል፣ ጨርቅን ብል ይበላዋል፣ ዘይትን ማን ይበላዋል?» ይላሉ። ስለዚህ የምግብ ዘይት፣ ላምባ፣ ማር፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የስፌት መኪና ዘይትና በትልልቅ ጠርሙስ ከደሴ የሚመጣ ሽቶ እንሸጣለን። ሽቶውን ወደ ትንንሽ ብልቃጥ የምቀዳው እኔ ነኝ። ቅቤም እንሸጣለን፤ ቅቤ በቆቦ ከቀትር በኋላ ከፈሳሽ ይቆጠራል።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የነበረ ተማሪ ሲሄድ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጥሎ ሄደ፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። በሱቁ ውስጥ ሰው በማይመጣበት በቀትር ሰዓት፣ የማላውቀውን ቃል በስልኬ እየፈለግሁ አነበብኩት። አብዛኛው አልገባኝም። ስለ ፈሳሾች የሚለው ምዕራፍ ግን የገባኝ ስለ እኔ ጣሳዎች ስለሚናገር ነው። ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይሳሳባሉ ይላል። መሳሳቡ የጠነከረበት ፈሳሽ ይወፍራል፣ ሲፈስ ይዘገያል፣ ለመፍላትም ለመትነንም ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። መሳሳቡ የላላበት ቀጭን ነው፤ ቶሎ ይፈሳል፣ ቶሎም በንኖ ይጠፋል። ውሃ እስከ አፉ በተሞላ ብርጭቆ ላይ ጉብ ብሎ ሳይፈስ የሚቆመው ዳር ያሉትን የውስጦቹ ወደ ራሳቸው ስለሚጎትቷቸው ነው። ላምባን እንደዚያ ከአፍ በላይ ልቆልልህ ቢሉት እሺ አይልም። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ምርቃቱስ?» የሚሉኝን ደንበኞች ሳይ ሳቄ ይመጣል፤ የውሃ ነጋዴ ብሆን ምርቃቱ በነጻ ከአፉ በላይ ይቆም ነበር።

እሷን ያመጣት የስፌት መኪና ዘይት ነው። ቤቷ ሮቢት ነው፤ ቆቦ ውስጥ ከእኛ ሱቅ ጀርባ ባለ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ መጥታ ማታ ትመለሳለች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ትንሽ ብልቃጥ አቀበለችኝ። ቀዳሁላትና እንደ ልማዴ ቆምኩ። አልተነጫነጨችም። ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች።

«ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» አለችኝ።

«እስኪንጠፈጠፍ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው፣ ወይስ ለሁሉም ሰው ነው?»

«ለሁሉም ነው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው ብትል ምን ነበረበት?»

ብልቃጡን ከድኜ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ «አንተ ሚዛን» ትለኝ ጀመር። ዘይቷ ሳያልቅም ትመጣ ነበር፤ ክር ልትገዛ መጥታ፣ ክር እንደማንሸጥ እያወቀች «ክር የላችሁም?» ትላለች። እኔ ብዙ አልናገርም። እሷ ግን የማልናገረውን የምትሰማ ይመስለኝ ነበር። ዓመት ሲጠጋ ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች መረጡና እሳቸው ሦስተኛ ሆነው ሮቢት አባቷ ቤት ሊሄዱ ቀን ቆረጡ። ቀኑ እሑድ ነበር።

አሁን ስለ ሹፌሩ ልናገር። ከቆቦ በሮቢት በኩል ጎብዬ፣ አንዳንዴም እስከ ወልድያ የሚሠራ ሚኒባስ አለው። እሱም የሮቢት ሰው ነው፤ ከእሷ ቤት አጥር ይለያቸዋል። ፀጉሩን አጎፍሯል፤ ጥርሱ ነጭ ነው፤ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቤ እስክጨርስ እሱ መኪና ሙሉ ሰው ያስቃል። ጠዋት ሚኒባሱ ከእኛ ሱቅ ፊት ሲቆም ከጋቢና የምትወርደው እሷ ናት። ረዳቱ ሌላ ሰው ጋቢና ሊያስገባ ሲል ሹፌሩ «እሱ ቦታ ባለቤት አለው» ይላል ብለው ነገሩኝ። ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት የሱቁን መዝጊያ የምከፍትበትን ሰዓት ከሚኒባሱ መምጫ ጋር አስተካክዬ ነበር፤ ስትወርድ ፊቷ ላይ የቀረ ሳቅ መኖር አለመኖሩን ለማየት። ሁልጊዜ ይኖራል። እኔ ያላሳቅኩትን ሳቅ ይዛ ወደ እኔ ትመጣና «ክር የላችሁም?» ትላለች።

ይባስ ብሎ ሽቶውን የምቀዳለት እኔ ነኝ። አጎቴ ከደሴ ያመጡት አንድ ትልቅ ጠርሙስ ነበር፤ ከባድ የዑድ ሽታ ያለው፣ ጠቆር ያለ። ሰው አሸተተውና ሸሸው። ከሹፌሩ በቀር የገዛው የለም።

«አለቃ፣ የእኔን ሽቶ ለሌላ ሰው እንዳትሸጥ» ይለኛል።

«የሚገዛውም የለም።»

«እሱ ነው የምፈልገው። ቆቦ ላይ ይህ ከሸተተ እኔ አለሁ ማለት ነው።»

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል የእህቱ ሠርግ ደረሰ። የቀረውን በሙሉ ቀዳሁለት፤ ጠርሙሱም ባዶ ሆነ። እሷ የሙሽራዋ ጓደኛ ስለሆነች በዋዜማው ሹሩባዋን ተሠርታ ቅቤ ተቀብታ ሄደች። የሠርጉ ቀን የገበያ ቀን ስለነበር እኔ ሱቅ ዋልኩ። ማግስቱን መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ሙሽራዋ ስትወጣ ሹፌሩ ብልቃጡን ይዞ በራፍ ላይ ቆመና ሙሽራዋንም፣ ሚዜዎቹንም፣ ጓደኞቿንም እስኪበቃቸው ረጫቸው። «አናታችን ላይ ጨረሰው» አለችኝ እየሳቀች። ወግ ነው። በሠርግ ሽቶ ይረጫል። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሁለት ጁምዓ አለፈ። ሽማግሌ ሊሄድ በተቆረጠበት ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ልትጠይቀኝ ገብታ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ብልቃጥ ልታነሣልኝ ጎንበስ አለች። ሻሿ ትንሽ ሸሸት አለ። ዑዱ ሸተተኝ። ሌላ ሽታ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የቀዳሁት፣ አልስተውም። ደካማ ነው፣ ግን እሱ ነው። ቆቦ ላይ ይህ ከሸተተ እኔ አለሁ ማለት ነው።

ብልቃጡን ተቀበልኳት።  በጨርቅ ጠርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሚኒባሱ እየሠራ ነው?» አልኳት፤ ከሠርጉ ወዲህ ከሱቃችን ፊት ቆሞ አላየሁትም ነበር።

«የማን ሚኒባስ?»

«የጎረቤትሽ።»

«ምን አውቄ? ከሠርጉ ወዲህ አላየሁትም። መኪናውን ወልድያ ጋራዥ አስገብቶ እዚያው ነው አሉ። ምነው፣ ልትሳፈር ነው?»

«አይ።»

«አሉ» ማለቷን ያዝኩ። ማን ነው ያለው? ለምን ጠየቀች? ስትወጣ ከኋላዋ በሱቁ አየር ውስጥ የቀረውን ፈለግሁ፤ ምንም አልነበረም። ያን ያህል ደካማ ነበር። ግን ከሠርጉ ወዲህ ካላየችው ያን ያህል እንኳ ሊኖር አይገባም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ወይም ይጠይቅ ነበር። እኔ ሙከራ ጀመርኩ። ባዶው የዑድ ጠርሙስ ጓዳ ተጥሎ ነበር፤ ታጥቦ ላምባ ሊያዝበት ነበር። ደፍቼ ስጠብቅ፣ እንደ ዘይት ጣሳ ስጠብቅ፣ አንዲት ጠብታ ከታች ተሰበሰበች። ከጠብታዋ ግማሹን በእጄ አንጓ ላይ አደረግሁ። ቀዘቀዘኝ፤ አልኮሉ ከቆዳዬ ሙቀት እየወሰደ ሲበር ነው የሚቀዘቅዘው። የአልኮል ሞለኪውሎች እንደ ውሃዎቹ ጠንክረው አይያያዙም፤ ቶሎ ይላቀቃሉ። ዑዱ ከባድ ስለሆነ ቀረ። ግን እሱም በእኛ ሙቀት የት ይደርሳል? የዙህር አዛን ሲባል ሽታው ነበር። አስር ሲባል አፍንጫዬን አስጠግቼ ነበር የማገኘው። መግሪብ ላይ የእጄን ላብ ብቻ አሸተትኩ። ሌላውን ግማሽ ነጠላ ላይ አድርጌው ነበር። ጨርቅ ይሻላል፤ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። አደረ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው ሥር ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ነጠላው ነጠላ ነጠላ ብቻ ሸተተ።

እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ሆነ። ቆዳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ። ጨርቅ ላይ ቢበዛ ሁለት ቀን። እሷ ላይ ያለው ሁለት ሳምንት ያለፈው ሽቶ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አይታዋለች። ከማየትም አልፎ ሽቶው ከሻሿ ሥር እስኪገባ ተጠግታዋለች። ብልቃጡ ጨርሶ አላለቀም ይሆናል፤ ለእሷ ያስቀረው ይኖራል። እኔ ራሴ በእጄ የቀዳሁለት። ይህ ሐሳብ ምራቄን አመረረው። ጋቢናው፣ ሳቁ፣ «ባለቤት አለው» የሚለው ቀልድ፣ ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ጠብታ ሆነ።

ሐሙስ ማታ አጎቴን «ሽማግሌው ይቆይ» አልኳቸው።

አጎቴ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ምን አልክ?»

«ለጊዜው ይቆይ።»

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ እንደ ባጃጅ እጅ ስታሳየው የሚቆም መሰለህ? ሰዎቹ እሺ ብለዋል። አንደኛው ኩታውን አሳጥቧል።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቱ ምን አደረገች?»

«ምንም።»

«ምንም ካላደረገች እንሄዳለን። የሆነ ነገር ካደረገች ንገረኝ፣ አንሄድም። ምንም ሳይባል የሚቀር ሽማግሌ ግን ያለ ምክንያት የልጅቱን ስም ይዞ ይቀራል። ሮቢት ትንሽ አገር ናት። እስከ ነገ ከመግሪብ በፊት ቃልህን እፈልጋለሁ።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። እኔ የማስበው ስለ እኔ ጉዳት ብቻ ነበር።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዲት እናት ቅቤ ይዘው መጡ። ከእኛ የገዙት ነው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱ።

«አሽትተው።»

አሸተትኩ። ዑድ ነው።

«ወጥ ሠርቼበት ልጆቼ አንበላም አሉ። የሙሽራ ወጥ ነው አሉኝ። አባታቸው ደግሞ ማን መጥቶ ነበር ይለኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይመጣብኛል?»

ሌሎቹ ደንበኞች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቅቤውን እያየሁ ነበር። ያ ቅቤ የተቀመጠው ከሽቶ መደርደሪያው ሥር ነበር። ጠርሙሱ ገና ሳያልቅ፣ ለሹፌሩ በምቀዳባቸው ቀናት፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከሥሩ ቆይቷል። ሽቶ አልፈሰሰበትም። ጠብታም አልነካውም። በአየር የበነነውን ብቻ ነው የወሰደው። ጠርሙሱ ከሠርጉ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ቅቤው ግን እስከ ዛሬ ዑድ ዑድ ይላል፤ እሳት ላይ ወጥቶ እንኳ አልለቀቀም።

እናትየዋን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ቅቤ ሰጠሁ፤ ከማር ጋር የተቀመጠውን። ከዚያ መጽሐፌን አወጣሁ። ያነበብኩት ነገር ነው፤ አንብቤው ወደ ቅቤ አላመጣሁትም። ዘይት ዘይትን ይቀበላል፤ ውሃ ውሃ መሰሉን። ዑዱ ከውሃ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስለዚህ ላብ ያለበት ቆዳ ላይ እንግዳ ነው፤ ነፋስ ሲጠራው ይነሣል። ቅቤ ውስጥ ግን ከወገኖቹ መካከል ይገባል። ረጃጅሞቹ የቅባት ሞለኪውሎች ይስቡታል፣ እሱም ይስባቸዋል፤ ለመውጣት በእያንዳንዳቸው መካከል ማለፍ አለበት። እጄ ላይ ሞክሬ ነበር፣ ነጠላ ላይ ሞክሬ ነበር። በዋዜማው ቅቤ የጠጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተፈታ፣ ከሻሽ ሥር ታፍኖ የከረመ ሹሩባ ላይ ግን አልሞከርኩም። ሴቶቻችን ቅቤ ውስጥ አሪቲ የሚጨምሩት ሽታውን እንዲያስቀርላቸው መሆኑን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ለመጻፍ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ማስረጃዬን የተቀማሁ ያህል ብስጭት ነው። ሰው ለቅናቱ ማስረጃ ሲያገኝ ያርፋል፤ እኔ ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ማስረጃ ላይ ተደግፌ ነበር የምተኛው። ቅቤው ደግሞ ንጽሕናዋን አልመሰከረም። የሚለው ሽቶው የሠርጉ ሊሆን ይችላል ብቻ ነው። ሊሆን ይችላል ማለት ነው ማለት አይደለም። ልኬቴ በሙሉ ወደ ባዶ ተመለሰ፤ የቀረኝ እሷን መጠየቅ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው።

ስፌት ቤቱ ስደርስ ብቻዋን ነበረች፤ መኪናዋ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ዘርግታ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሽታውን፣ እጄን፣ ነጠላውን፣ ሽማግሌው ይቆይ ማለቴን፣ የእናትየዋን ቅቤ። በጣም ረጅም ጊዜ ያወራሁ መሰለኝ። ስለ እናትየዋ ባል ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እጅህ ላይ ሞከርከው» አለችኝ።

«አዎ።»

«ነጠላ ላይ ሞከርከው። እኔን ግን አልጠየቅከኝም።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

«የጠየቅከኝ ስለ ሚኒባስ ነው።»

መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሣች።

«ቅቤ ገዢ እንኳ በጣቱ ቀምሶ፣ አሽትቶ፣ ካልፈለገ ለባለቤቷ ነግሯት ይሄዳል። አንተ አሽትተኸኝ ዝም ብለህ ሄድክ።» ዩኒፎርሙን ገለበጠችው። «ከሠርጉ ወዲህ አላየሁትም ብዬሃለሁ። ወላሂ አላየሁትም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅቤው ባይይዘውስ?»

«ምኑን?»

«ሴትዮዋ ቅቤውን ባይመልሱትስ ኖሮ? ወጡን በልተው ዝም ቢሉስ? እሑድ ትቀር ነበር?»

መኪናዋ ላይ የነበረችውን የዘይት ብልቃጥ አየሁ፤ የመጀመሪያው ቀን የቀዳሁላት ብልቃጥ ነው። ልዋሽ እችል ነበር።

«እቀር ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አልመሰለችም፤ የሆነ ነገር ለክታ ልኩን ያገኘች ትመስላለች። «እሑድ ሰዎቹ ይምጡ» አለች። «ስሜን መንገድ ላይ አትጣለው። መልሱን ግን አባቴ ሳይሆን እኔ ነኝ የምሰጠው። አሁን ሂድ፣ ሥራ አለብኝ።»

ለአጎቴ ከመግሪብ በፊት ቃሌን ሰጠሁ። እሑድ ማለዳ ሦስቱ ሮቢት ሄዱ፤ ኩታው የታጠበውም። አጎቴ እንደነገሩኝ በወጉ መሠረት በራፍ ላይ ቆመው፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆዩ። አባትየው ተቀብለው አስቀመጧቸው፤ አበሏቸው፤ «እንመካከርና በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ» አሏቸው። ይህ የተለመደ መልስ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ነው የሚመስለው። አጎቴ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እኔ ግን ተመካካሪው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ሳምንት እስከ ቅዳሜ ሱቅ አልመጣችም። ሹፌሩ ግን ከወልድያ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ከፊታችን ሲቆም ከጋቢና አልወረደችም። ከኋላ፣ ከአሮጊቶቹ መካከል ወረደች፤ ወደ ሱቁ ሳትመለከት አለፈች። ከኋላ መቀመጧ ለእኔ ብላ ነው? ወይስ ጋቢና ሌላ ሰው ቀድሟት? ወይስ እኔ እንደማይ አውቃ ነው? ሦስቱንም ቀኑን ሙሉ ስመዝን ዋልኩ። ዘይት ስቀዳ ጣሳው ሳይንጠፈጠፍ ማንሣቴን አንድ ደንበኛ ነው የነገረኝ። «ዛሬስ ተሻለህ» አለኝ፤ ምስጋና መስሎት።

ቅዳሜ ብልቃጧን ይዛ መጣች። ሻሿ እርጥብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አናቷን ወደ እኔ ዘነበል አደረገችው።

«አሽትተኝ።»

«አላሸትም።»

«አሽትተኝ አልኩህ።»

የሳሙና ሽታ ነው፤ የእኛው ፈሳሽ ሳሙና። ሹሩባዋ ተፈትቷል። ሳሙና አንድ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ ቅቤውን በአንዱ ይዞ በሌላው ከውሃ ጋር ይሄዳል፤ ዑዱም ከቅቤው ጋር ሄዷል። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ከእንግዲህ የሚሸትህ ነገር ካለ አፍንጫህ ነው» አለችኝ። «ቅዳ።»

ቀዳሁ። ጣሳውን ደፋሁት። ዘይቱ ክር ሆነ፣ ከዚያ ጠብታ ሆነ። ሁለታችንም ጠብታውን እናያለን።

«አባቴ ነገ እሺ ይላል» አለች፣ ጠብታውን እያየች። «እሺ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ትቀር ነበር ወይ ስልህ እቀር ነበር አልክ። ሌላው ቢሆን አልቀርም ነበር፣ እንዴት እቀራለሁ ይለኝ ነበር።» ከዚያ በሚኒባስ ማቆሚያው በኩል አየት አድርጋ «እሱ ቢሆን እንደዚያ ይለኝ ነበር» ብላ ጨመረች።

እሺ ማለቷን ሰማሁ። ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ግን «እሱ ቢሆን» የሚለውንም ሰማሁ። እሱ ቢሆን ብላ አስባለች ማለት ነው። ጠብታው ወረደ።

እሑድ አባትየው እሺ አሉ። ወሬው ከአጎቴ ቀድሞ ቆቦ ደረሰ፤ ያደረሰውም ሚኒባሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ በሱቁ ደፍ ላይ ቆመ፤ ጥርሱ እንደ ልማዱ።

«አለቃ፣ ጎረቤቴን ወሰድካት። አልሃምዱሊላህ። ለሠርጉ ሚኒባሱ የእኔ ነው፣ በነጻ። ሙሽራዋን ሳወጣ የምረጨው ግን ያስፈልገኛል። የእኔ ዑድ መጣ?»

አጎቴ በሳምንቱ መጨረሻ ከደሴ አዲስ ጠርሙስ አስመጥተው ነበር። ከጀርባዬ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ገና አልተከፈተም። ዞሬ አላየሁትም።

«አልመጣም» አልኩት።

«ታዲያ ምን አለ?»

ከታች ካለው ረድፍ የሎሚ ሽታ ያለውን አወረድኩ። በጣም ቀጭን ነው፤ ሞለኪውሎቹ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ እርስ በርስ ጠንክረው አይያያዙም። ቀትር ሳይደርስ ከቆዳ ይጠፋል፤ ቅቤ ላይም ቢሆን እንደ ዑዱ አይከርምም፤ እሱንም አስቀድሜ በቅቤ ሞክሬዋለሁ። አንድ ጠብታ እጁ ላይ አደረግሁለት። አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህማ ደስ ይላል። ቀለል ያለ ነው።»

«ቀለል ያለ ነው» አልኩት።

ብልቃጡን እስከ አፉ ሞላሁለት። ጣሳውን ደፍቼም አላስጠበቅሁትም፤ የሎሚው ሽቶ የሚያስጠብቅ አይደለም።